ዶክተሩ የታለ? በነርስ ስለሚመራ ሕክምናና አሠራርን ስለ መለወጥ



በክፍል ውስጥ ስለ ኤች.አይ.ቪ በምናስተምርበት ሰሞን ከተማሪዎች ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ነርስ እንዴት መድኃኒት ታዛለች? የሚያዘው ዶክተር አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ጥያቄው የልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካምፓችን ክሊኒክ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ በልቡ ይዞት ይገባል። ካርድ ወጥቶ፣ ሙቀት ተለክቶ በሩ ሲከፈት ውስጥ የተቀመጠችው ነርስ ናት፣ ወይም እዚህ ኬንያ ክሊኒካል ኦፊሰር የሚባለው ባለሙያ ነው። ዶክተር የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ይህንን «ስደተኛ ስለሆንን ነው፣ ዶክተር አይገባቸውም ብለው ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

በዚህ እትም ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ፣ በጥናት ሲፈተን ምን እንደተገኘ፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ሰው ለምን እንደሚያንገራግር በተቻለኝ መጠን ላስረዳ እሞክራለሁ። እኔ መምህር እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩት ማኔጅመንት ነበር፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተቋረጠ። የድርጅት ለውጥ የሚባለውን ትምህርት በወረቀት ያየሁት ያኔ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ ካምፕ ውስጥ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በነርስ የሚመራ ሕክምና ምን ማለት ነው?

በተለመደው አሠራር ዶክተሩ ይመረምራል፣ በሽታውን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል። ነርሷ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፣ ባጭሩ የታዘዘውን ትፈጽማለች። በነርስ በሚመራው አሠራር ግን ለተወሰኑ በሽታዎች ውሳኔው ራሱ ወደ ነርሷ ይመጣል። ጠይቃና መርምራ የምትወስነው፣ መድኃኒት የምታዘው፣ ቀጠሮ የምትሰጠው፣ በየወሩ የምትከታተለው እሷ ነች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ዶክተር ትልካለች። «ለተወሰኑ በሽታዎች» የሚለውን አትዝለሉት። ነርሷ ዶክተር ሆነች ማለት አይደለም።

ይህ እንዲሠራ በእጇ ደረጃ በደረጃ የሚመራት የተጻፈ መመሪያ መኖር አለበት፤ ሳል ያለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትጠይቃለች፣ መልሱ እንዲህ ከሆነ ምን ታደርጋለች የሚል። ሕጉም ሊፈቅድላት ይገባል፤ ካልፈቀደላት መድኃኒት ቤቱ ማዘዣዋን አይቀበልም። በመጨረሻም ግራ ሲገባት ደውላ የምትጠይቀው ዶክተር ያስፈልጋታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በነርስ የሚመራ ሕክምና ሳይሆን ብቻዋን የተተወች ነርስ ነው ያለችን። እነዚህ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ ለይቶ ማየት ጠቃሚ ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጣነው ነገሩ ጨርሶ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሰለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። ዶክተር እስኪበዛ ይጠበቅ ቢባል ገጠሩ ያልቅ ነበር። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት እያሰለጠነ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደርሷል። እነዚህ ነርሶች አይደሉም፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሥራውን በደንብ ሊሠራው ለሚችልና ለሕዝቡ ቅርብ ለሆነ ሰው መስጠት። በእንግሊዝኛው «ታስክ ሺፍቲንግ» ይሉታል፣ እኛ የሥራ ሽግሽግ ልንለው እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 መጀመሪያ ላይ ስለዚሁ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከአጋሮቹ ጋር ያካሄደው በአዲስ አበባ ነበር። እዚያ ከተነሱት መካከል የኤች.አይ.ቪ ጉዳይ ዋናው ነበር።

በፍሪ ስቴት የተደረገው ጥናት

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ። ለምን እዚያ ቢባል ነገሩ በሚገባ የተፈተነው እዚያ ስለሆነ ነው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ መስጠት የጀመረው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ሰልፍና የፍርድ ቤት ክርክር ነበር፤ ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌላ ማነቆ ብቅ አለ፦ መድኃኒቱን የሚያስጀምረው ዶክተር ብቻ ነበር።

ፍሪ ስቴት በሚባለው ክፍለ ሀገር ሕመምተኛው መጀመሪያ ሰፈሩ ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳል። ነርሷ ደሙን ለምርመራ ትልካለች። ሲዲ ፎር የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዶክተር ወዳለበት ጣቢያ ትልከዋለች። እዚያ ዶክተሩ አይቶ መድኃኒቱን ያስጀምረውና ለክትትል መልሶ ወደ ነርሷ ይልከዋል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን ሕመምተኛው የመጓጓዣ ገንዘብ የለውም፣ ዶክተሩ ጋ ወረፋ አለ፣ ቀጠሮ ይራዘማል። መድኃኒቱን ሳይጀምሩ እየጠበቁ የሞቱ ሰዎች ብዙ ነበሩ። መድኃኒቱ በአገር ውስጥ እያለ ማለት ነው።

ከ2008 እስከ 2010 ድረስ በዚሁ ክፍለ ሀገር ስትሬች የሚባል ጥናት ተደረገ። 31 ክሊኒኮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ16ቱ ነርሶች ሰልጥነው መድኃኒቱን እንዲያስጀምሩና እንደገና እንዲያዙ ተፈቀደላቸው፣ 15ቱ በድሮው አሠራር ቀጠሉ። በሁለቱም ወገን ከ15,000 በላይ ሕመምተኞች ተካተዋል። ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር፦ በዕጣ የተከፈለው እንዲሁ አይደለም። ጎበዝ ጎበዝ ክሊኒኮችን መርጠን ለነርሶቹ ብንሰጥ ኖሮ ውጤቱ ሲያምር የነርሶቹ ይሁን የክሊኒኮቹ ጉብዝና መለየት አንችልም ነበር። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ስለ ሙከራ ስናስተምር ከባቄላ ዘር ይልቅ ይህንን ምሳሌ መስጠት ይቻላል።

ውጤቱ በ2012 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከስድስት ወር በላይ መድኃኒት ሲወስዱ ከነበሩት መካከል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የተገታላቸው ነርሶች በሚመሯቸው ክሊኒኮች 71 በመቶ፣ በድሮው አሠራር 70 በመቶ ሆኑ። እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በፊት በ2010 በጆሃንስበርግና በኬፕ ታውን በ812 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም የነርስ ክትትል ከዶክተር ክትትል እንደማያንስ አሳይቶ ነበር።

መድኃኒት ገና ያልጀመሩትን በተመለከተ ተስፋ የተጣለው ሞት እንዲቀንስ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ አልቀነሰም፣ አልጨመረምም። ሲዲ ፎራቸው ከ201 እስከ 350 በነበሩት ላይ ግን ነርሶች በሚመሯቸው ክሊኒኮች ሞት አነስ ብሎ ተገኝቷል። ይህንን የምነግራችሁ ነገሩን አሳምሮ ማቅረብ ስለማይገባ ነው። ነርሷ ብዕር ቢሰጣትም መድኃኒቱ ካልመጣ የምታዘው የለም። በ2008 መጨረሻ በፍሪ ስቴት የመድኃኒት ገንዘብ አልቆ አዲስ ሕመምተኛ ማስጀመር ለወራት ቆሞ ነበር። ማነቆው አንድ ብቻ ሲሆን አንዱን መፍታት ይበቃል፤ ሦስት ሲሆን ግን አንዱን ፈትቶ ተአምር መጠበቅ አይቻልም።

ሰው ለውጥ የሚያንገራግረው ለምንድነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ሥራ ከዶክተር ወደ ነርስ ተዛወረ ማለት በወረቀት አንድ መስመር ነው። በሥራ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያጣው ወይም የሚፈራው ነገር አለ። ዶክተሩ «ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማነው?» ይላል። ነርሷ «ሥራዬ በእጥፍ ጨመረ፣ ደመወዜ ግን ያው ነው» ትላለች። የመድኃኒት ባለሙያው ያልለመደው ፊርማ ሲመጣለት ይጠራጠራል። ሕመምተኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይፈራል፣ የሚጫወቱት በእሱ ሕይወት ነውና። ይህንን ሁሉ «ለውጥን የሚቃወሙ ኋላ ቀሮች» ብሎ ማለፍ በስብሰባ ላይ ቀላል ነው። እኔ ግን አብዛኛው ፍርሃት ምክንያት ያለው ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ነገር ቀድመው ካሰቡት አንዱ ኩርት ሌዊን ነው። ሌዊን ጀርመን አገር የሚሠራ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። አይሁዳዊ ስለነበረ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። እንግዲህ እሱም ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ለውጥን እንደ በረዶ አድርጎ አስረዳ፦ መጀመሪያ የረጋውን ማቅለጥ፣ ቀጥሎ ቅርጹን መለወጥ፣ ከዚያ በአዲሱ ቅርጽ እንዲረጋ ማድረግ። ያልቀለጠ በረዶ በኃይል ልለውጥህ ቢሉት ይሰበራል እንጂ አይለወጥም። ሌላም ነገር ብሏል፦ አንድን ነገር ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ወደኋላ የያዘውን ማላላት ይሻላል። ግፊት ሲጨምር መወጣጠርም ይጨምራል።

ሌዊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያደረገውን አንድ ጥናት ለመምህራን በተለይ ላንሳ። ሥጋው ለወታደር ስለሚሄድ የአሜሪካ መንግሥት እናቶች ኩላሊት፣ ልብና የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲያበስሉ ፈለገ። ዱለት ለምንወድ ለእኛ ይህ ምን ያስቸግራል ያሰኛል፤ ለእነሱ ግን የሚያስጠላ ነገር ነበር። ሌዊንና ባልደረቦቹ ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ግማሾቹን ቡድኖች ጥሩ ሌክቸር ሰጧቸው፣ ስለ ቫይታሚኑም ስለ አገር ፍቅሩም። ሌሎቹ ቡድኖች ግን እንደራሳቸው ያሉ የቤት እመቤቶች ቢሆኑ ምን እንደሚያስቸግራቸው ተወያዩ፤ ባሌ አይበላም፣ ሽታው ያስቸግራል፣ አሠራሩን አላውቅም እየተባለ። በመጨረሻ ማን ይሞክራል ተብሎ እጅ ወጣ። በኋላ ሲጠየቁ ሌክቸር ከሰሙት ውስጥ ያበሰሉት 3 በመቶ፣ ተወያይተው ከወሰኑት ውስጥ 32 በመቶ ነበሩ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን አርባ ደቂቃ የምናወራ ሰዎች ይህንን ቁጥር ደጋግመን ብናስበው አይከፋም።

በፍሪ ስቴት የተደረገውን በዚህ ዓይን ስናየው ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል። ነርሶቹን ሆቴል ሰብስቦ ሌክቸር ከመስጠት ይልቅ አሰልጣኟ፣ እሷም ነርስ የሆነች፣ ወደ ክሊኒካቸው ትሄድ ነበር። አጫጭር ስልጠና ነው፣ ተደጋጋሚ ነው፣ እዚያው በሚያዩት ሕመምተኛ ላይ የሚወያዩበት ነው። ሥራውም በአንድ ቀን አልተጣለባቸውም። መጀመሪያ መድኃኒት ጀምረው ደህና ለሆኑት እንደገና ማዘዝ ጀመሩ። እጃቸው ሲለምድና ልባቸው ሲረጋ አዲስ ሰው ወደ ማስጀመር አለፉ። ዶክተሩም ከናካቴው አልተወገደም፤ የተወሳሰበው ወደ እሱ ይላካል፣ ስልክ ሲደወል ይመልሳል። በየክሊኒኩም ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ራሳቸው ሠራተኞቹ የሚነጋገሩበት መንገድ ነበር። ይህ ማቅለጥ ነው።

በ2010 ደቡብ አፍሪካ አሠራሩን በአገር አቀፍ ደረጃ አወጀች። መድኃኒቱ የሚሰጥባቸው ተቋማት በጥቂት ዓመታት ከአምስት መቶ ገደማ ወደ ከሦስት ሺህ በላይ ደረሱ። ፍጥነቱ ይደንቃል። ግን በፍጥነት ሲሰፋ የተዘለለ ነገርም ነበር፦ ኮርሱን ወስደው ተመልሰው አንድም ሰው ሳያስጀምሩ የቆዩ ነርሶች ነበሩ። ለምን ቢባል፣ ሰርተፊኬቱን ያዙ እንጂ አጠገባቸው ቆሞ «አዎ፣ ልክ ነሽ፣ ጻፊው» የሚላቸው ሰው አላገኙም። በኋላ ላይ ልምድ ያላቸው ነርሶች እየዞሩ እንዲያግዟቸው ሲደረግ ነው ብዙዎቹ የደፈሩት። ስልጠና የሚወድ ሁሉ፣ እኛ ጋ ያሉትንም ጨምሮ፣ ይህቺን ነገር ቢያስባት ጥሩ ነበር። የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠበት ቤት ካምፓችን ውስጥ ጥቂት አይደለም።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

አንዲት የማውቃቸው እናት ደም ግፊት እንዳለባቸው ክሊኒክ ነርሷ ነግራ መድኃኒት ሰጠቻቸው። አልዋጡትም። «ዶክተር ሳያየኝ ምን ብዬ!» አሉ። ከራሽናቸው ዘይትና ዱቄት እየሸጡ ገንዘብ አጠራቅመው፣ የመውጫ ፈቃድ ጠብቀው ከተማ ሄዱ። ሁለት ወር አለፈ። ዶክተሩ ግፊታቸውን ለካና ያንኑ መድኃኒት አዘዘላቸው። ደግነቱ በሁለቱ ወር መሐል ምንም አልደረሰባቸውም፤ ሊደርስባቸው ይችል ነበር፣ ግፊት ሳያሳምም ነውና የሚጥለው። እሳቸውን ሞኝ ማለት አይገባም። ነርሷ ይህንን የማዘዝ ፈቃድና ስልጠና እንዳላት የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ወረቀት በር ላይ ቢለጠፍ፣ በአማርኛም በሶማሊኛም በሌላውም ቋንቋ፣ ወይም ወረፋ ላይ አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ ቢያስረዳ ራሽኑ ባልተሸጠ ነበር።

በሌላ በኩል ነርሷም ሰው ናት። ሥራ ወደ ታች ሲወርድ ክፍያና ድጋፍ አብሮ ካልወረደ ሽግሽግ ሳይሆን ሸክም ማዛወር ነው። በኢንሴንቲቭ የምንሠራ ስደተኛ መምህራን ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም፤ ከአገሬው መምህር ጋር አንድ ሥራ ሠርተን ወሩ ሲያልቅ የምንፈርምበት ወረቀት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ነርሷ አንዳንድ ጊዜ ፊቷን ብታጠቁር ዛሬ ስንት ሰው እንዳየች መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሌዊን ስለ መርጋት ያለው ግን ካምፕ ውስጥ አይሠራም ብዬ አስባለሁ። ፕሮጀክት በየዓመቱ ይዘጋል፣ ሠራተኛ ይቀያየራል፣ ያስለመድነው ሰው ሪሰትልመንት ይደርሰውና ይሄዳል፤ እሰየው ነው፣ ግን ሥራው አብሮት ይሄዳል። በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ በደቡብ አፍሪካ እንኳ በእርዳታው ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የኤች.አይ.ቪ ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። የመንግሥት ክሊኒኮቹ ነርሶች ግን መድኃኒቱን ማዘዝ ቀጥለዋል፤ አሠራሩ በሕግና በመንግሥት ደመወዝ ላይ ስለቆመ። በፕሮጀክት ብቻ ከቆመው ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ለትምህርት ቤቶቻችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ፈረቃ ወደ ሁለት ፈረቃ ሲዛወር ማስታወቂያው ዓርብ ተለጥፎ ሰኞ ሥራ ተጀመረ። የከሰዓት ፈረቃ የደረሳቸው ሴት ልጆች ግማሾቹ ቀሩ፣ ውሃ የሚቀዱበት ሰዓት ነበርና። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ የጠየቀም ግን አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወላጆች ተጠርተው ሲነጋገሩ ውሃ ቀጂዎቹ ወደ ጠዋቱ ፈረቃ ተዛወሩና አብዛኞቹ ተመለሱ። ስብሰባው የፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ይህንን ትምህርት በክፍል ለመሞከር የምትፈልጉ መምህራን እንዲህ አድርጉ፦ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አንድ ሕመምተኛ ከክሊኒኩ በር ገብቶ መድኃኒት ይዞ እስኪወጣ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በሥዕል ይሥሩ። በየቦታው ማን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ ይጻፉ። ከዚያ አንዱን ሥራ ለሌላ ሰው ያዛውሩና ማን ምን እንደሚያጣ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ ይነጋገሩ። ነርስ መሆን የሚፈልጉ ልጆች ካሉ በዚህ አጋጣሚ ይለያሉ፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከአሁኑ ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ ንገሯቸው። የሠራችሁትን ሥዕል ለዝግጅት ክፍሉ ብታደርሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።